ቶሎሳ ዓይኑን ደብቆኝ ጢያ ደርሰን መጣን

ከሁሉ በፊት ንዴቴን ልናገር። ንዴቴን ዘልዬ ስለ መንገዱ ባወራ ውሸት ይሆንብኛል። ቶሎሳ ዓይኑ እየጠፋ መሆኑን ሳይነግረኝ ከአቃቂ እስከ ጢያ በብስክሌት ይዞኝ ሄዷል። በእድራችን የተወራው ግን ሌላ ነው። «ተሰማ ያንን ምስኪን መኪና መሃል ወስዶ ሊያስጨርሰው ነበር» ተብሏል። እኔ አልወሰድኩትም፤ እሱ ነው የወሰደኝ። ይህን በአፌ ለእያንዳንዱ ከማስረዳ ብዬ ደብተር ገዛሁ። ፊደል የቆጠርኩት ካደግኩ በኋላ፣ ፋብሪካው ግቢ ውስጥ፣ ከሺፍት ስንወጣ ነው። ከብዕር መፍቻ ይቀለኛል። ጽሑፌ ቢጣመም ከሄድንበት መንገድ አይብስም።

ቶሎሳን ለማታውቁት፦ የአቃቂ ልጅ ነው። ፋብሪካው ከመተከሉ በፊት አባቱ እዚያው መሬት ላይ ጤፍ ያርሱ ነበር። የኔ አባት ደግሞ ከባቡሩ ጋር መጥተው የቀሩ የሐዲድ ሠራተኛ ናቸው። እኔና እሱ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሽመና ክፍል ውስጥ ሠላሳ ዓመት ጎን ለጎን ቆመናል። እዚያ ማሽኖቹ ሲነሡ የሰው ድምፅ የሚባል የለም፣ ብትጮህም ራስህን አትሰማም። ስለዚህ በእጅ ነበር የምናወራው። ጣት ማጠፍ «ክር ተበጠሰ» ነው። መዳፍ ደረት ላይ «ፎርማኑ መጣ»። መዳፍ ወደ ላይ መገልበጥ «ምን ሆነ?»። መዳፍ ወደ ታች «ቀስ በል፣ አደጋ አለ»። ሐሜቱም፣ ስድቡም በእጅ ነበር። ፎርማኑ መሃላችን ይቆምና አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን እያየ ይዞራል፤ ምን እንደምንባባል አያውቅም፣ እኛ እሱን እየሰደብነው ነው። የቶሎሳ ሚስት ጫልቱም እዚያው ክፍል ነበረች። ሊያገባት የጠየቃት በእጁ ነው። ጣቷን አጥፋ «ክርህ ተበጠሰ» ብላ መለሰችለት፤ ክፍሉ በሙሉ ሳቀበት። በኋላ ግን አገባችው።

ፋብሪካው የብስክሌት ቡድንም ነበረው። መንገድ ላይ ያው የእጅ ቋንቋ ነው። ከፊት ያለው መዳፉን ከጀርባው ዝቅ ካደረገ፣ ከኋላ ያለው ጉድጓድ እንዳለ ያውቃል። በእረፍት ቀናችን የቡታጅራን መንገድ ይዘን እስከ አዋሽ ድልድይ እንወርድ ነበር። ከድልድዩ ግን አንድም ቀን አላለፍንም፣ ሺፍት አለብን። ማዶ፣ ጢያ የሚባል ቦታ፣ ሰይፍ የተቀረጸባቸው ትልልቅ የጥንት ድንጋዮች ቆመዋል ይሉናል። «በሚቀጥለው» ይላል ቶሎሳ። «በሚቀጥለው» እላለሁ እኔ። እንዲህ እየተባባልን ጡረታ ወጣን።

ዘንድሮ ጥቅምት ሲገባ ቤቴ መጣ። «ዘንድሮ ካልሄድን እነዚያን ድንጋዮች አላያቸውም» አለኝ። የሽማግሌ ወግ መስሎኝ «አታሟርት፣ ሂድና ኮርሳህን ዘይት ቀባው» አልኩት። ኮርሳ የምንለው ያችን ቀጭን ጎማ ያላትን የውድድር ብስክሌት ነው። ሁለታችንም እስካሁን አለችን።

ዓርብ ገና ጎህ ሲቀድ ደጁ ደረስኩ። ጫልቱ በሩ ላይ ቆማለች፣ ፊቷ አልተፈታም። የተቀቀለ ድንች በፌስታል ቋጥራለች። ድንቹን ለባሏ መስጠት ትታ ለእኔ ሰጠችኝ።

«ተሰማ፣ ከፊት የምትሆነው አንተ ነህ አይደል?»

«መቼ ከኋላ ሆኜ አውቃለሁ?»

«እንግዲያው ቀስ በል» አለችና ገባች።

ቶሎሳ ደግሞ ነጭ ጨርቅ አምጥቶ «ከኮርቻህ ሥር እሰረው» አለኝ።

«ለምን? ሙሽራ ነኝ?»

«መኪኖቹ እንዲያዩህ ነው።»

ውሸታም። እሱ እንዲያየኝ ነበር። አሁን ሳስበው ያንን ጨርቅ አንገቱ ላይ ባስርለት ደስ ይለኛል።

ከአቃቂ እስከ ቃሊቲ ያለውን መንገድ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ከባድ መኪናው ተሳቢውን እየጎተተ ክንዳችሁን ልሶ ያልፋል፤ ጭሱን ትበላላችሁ። አደባባዩ ጋ ሦስት ባጃጆች ተደርድረው ቆመዋል። አንዱ ሹፌር አንገቱን አውጥቶ «ፋዘር! እግርዎ ከሚያልቅ ይግቡ፣ ብስክሌቱን ከላይ እናስረዋለን!» አለ። ሌላው «ተዋቸው፣ ሬስ ላይ ናቸው!» አለው። ቶሎሳ ሳቀ። እኔ ቆሜ «አንተ ሳትወለድ በዚህ መንገድ አቧራ አስበልቼ ያለፍኩ ሰው ነኝ» አልኩት። «አሁን እርስዎ እየበሉት ነው፣ አባባ» አለኝ። ባለጌ፣ ግን እውነቱን ነው።

እስከ ዓለም ገና ቶሎሳ ሦስት ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ሦስቱንም መዳፌን ዝቅ አድርጌ አሳይቼዋለሁ። ሦስተኛው ላይ ጎማው ተነፈሰ። መንገድ ዳር ቁጭ ብለን ስንለጥፍ «ምልክቴን ንቀኸዋል ማለት ነው?» አልኩት። «ሐሳብ ይዞኝ ነው» አለ። ሠላሳ ዓመት አንድ ክር ያላመለጠው ሰው ምን ሐሳብ ነው የሚይዘው አልኩ በሆዴ። ማስተዋል የነበረብኝ እዚያ ነበር።

ከዓለም ገና በኋላ አገሩ ይከፈታል። እኛ ሰፈር ሰማዩን በቆርቆሮ መሃል ነው የምናየው። እዚያ ጤፉ ቢጫ ሆኖ እስከ ተራራው ድረስ ተኝቷል፤ ንፋሱ ሲያልፍበት ከማሽን እንደሚወርድ ጨርቅ ይተጣጠፋል። መንገዱ ይወጣል፣ ይወርዳል። ዳገቱ ላይ ጉልበቴ፣ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኔ ይጮኻል። ወደ አዋሽ የሚወስደውን የመጨረሻውን ቁልቁለት ቶሎሳ በእግሩ ወረደ። ድሮ ፍሬን ሳይነካ ነበር የሚወርደው። «ፈራህ?» አልኩት። «አረጀሁ» አለኝ።

መልካ አዋሽ፣ ድልድዩ አጠገብ፣ ያደርነው ወይዘሮ ብርቄ ቤት ነው። ሻይም ምግብም አልጋም አላቸው። ብስክሌቶቹን ውጭ ልናሳድር ስንል «ሰው ውስጥ ተኝቶ ይኼ ውጭ ያድራል?» ብለው መኝታ ክፍላችን አስገቡልን። ዓርብ ስለሆነ ሽሮ ቀረበ። ቶሎሳ በኦሮምኛ እያወራቸው እጁ ሰሃኑን ስቶ ጠረጴዛውን ዳበሰ። ወይዘሮ ብርቄ ወሬያቸውን ሳያቋርጡ ሰሃኑን ገፋ አድርገው ከእጁ ሥር አስገቡለት። ሁለተኛም እንዲሁ አደረጉ። እኔ ምን መሰለኝ? ሴትዮዋ ወደዱት መሰለኝ! «በዚህ ዕድሜህ አታፍርም?» አልኩት ስንተኛ። አልጋው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። እኚህ ሴት በአንድ ራት ያዩትን እኔ ስንት ወር አላየሁትም።

ቅዳሜ ጠዋት ወንዙን አየነው። የኛን የአቃቂን ወንዝ ታውቁታላችሁ፤ ስትሻገሩት አፍንጫችሁን ነው የምትይዙት። አዋሽ ግን ሴቶች ልብስ ያጥቡበታል፣ ከብት ይጠጣዋል። ተናደድኩ። የኛም እንዲህ ነበር፤ የቶሎሳ አባት ዓሣ ያወጡበት ነበር።

እዚያ ያለውን ሙዚየምም ጎበኘን። በጣም የጥንት ሰዎች ወንዙ ዳር ይኖሩ ነበር አሉ፤ የጠረቡት ድንጋይ በመስተዋት ውስጥ ተቀምጧል። በእጅ የሚያዝ መጥረቢያ ነው፣ መያዣ የለውም። ቶሎሳ አፍንጫውን መስተዋቱ ላይ ደቅኖ ቆመ። እኔ የታየኝ ሌላ ነው። ፋብሪካው አሮጌ ማሽኖቹን ያወጣ ጊዜ ሠላሳ ዓመት የያዝኩትን መፍቻ ከቁርጥራጭ ብረት ጋር ጭነው ወሰዱት። ይኼንን ድንጋይ የጠረበው ሰውዬ ዕድለኛ ነው፣ መሣሪያው መስተዋት ገባለት። ይህንኑ ለአስጎብኚዋ ነገርኳት። ልጅቷ ጨዋ ናት፤ «እውነትዎን ነው አባቴ» አለችኝ።

ከዚያ ድልድዩን ተሻገርን። ሳንነጋገር ሁለታችንም ወርደን ብስክሌቱን እየገፋን። መሃል ላይ ስንደርስ ቶሎሳ «የትኛው ሺፍት ነን?» አለ። «የትኛውም ላይ አይደለንም» አልኩት። አለፍን።

ከድልድዩ ማዶ ዳገቱ ሳንባ ያወጣል። ወደ ቀኝ ወደ አዳዲ ማርያም የሚገነጠል መንገድ አለ። አንድ ወጥ አለት ተፈልፍሎ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት ልንሳለም አስበን ነበር። አልደረስንም። ከመገንጠያው ትንሽ መለስ ብሎ ቁልቁለት አለ። ወረድኩ። አስፋልቱ በአንድ በኩል ተቦርቡሯል። መዳፌን ከጀርባዬ ዝቅ አደረግሁ፣ ደጋግሜ አወዛወዝኩት። ከኋላዬ ምንም አልሰማሁም። ዞር ስል ብስክሌቱ ሜዳው ላይ፣ ቶሎሳ ቦዩ ውስጥ ነው።

ጉልበቱና ክርኑ ተልጧል፤ ደም አለ። አጥንቱ ደህና መሆኑን ሳይ ንዴቴ መጣ። እኔ ስደነግጥ እናደዳለሁ፣ እንዲህ ነው የተፈጠርኩት።

«ምልክት ስሰጥህ ምን ታያለህ? ወፍ ታያለህ?»

«አላየሁትም።»

«እንዴት አታየውም? አፍንጫህ ሥር ነው!»

«ተሰማ፣ አላይም» አለኝ። ቦዩ ውስጥ ተቀምጦ ነው። «ከዳር ከዳር ጨልሟል። መሃሉም ጭጋግ ነው። ያንተ ነጭ ጨርቅ ብቻ ነው የሚታየኝ። ሐኪሙ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውም ብዙ አይቆይም ብሎኛል።»

«ማን ያውቃል?»

«ጫልቱ።»

«ለእኔስ ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርህ ትመጣ ነበር?»

አልመጣም ነበር። እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ያ ይበልጥ አናደደኝ። ሠላሳ ዓመት ጎን ለጎን ቆመን እንዴት እንዲህ ያለውን ነገር ትደብቀኛለህ ብዬ ጮህኩበት። መንገድ አላፊዎች ቆመው ያዩናል። እስክጨርስ ጠበቀኝና «አንተስ የቀኝ ጆሮህ እንደማይሰማ ነግረኸኝ ታውቃለህ?» አለኝ።

እጄ ወደ ቀኝ ጆሮዬ ሄደ።

«ስወድቅ ጠርቼሃለሁ። ሁለቴ። ሁልጊዜ በግራህ በኩል የምሄደው ለምን ይመስልሃል? ጡረታ ሳንወጣ ነው ያወቅሁት። ማሽኑ ያንተን ጆሮ በላ፤ ምንም አላልኩህም፣ ምክንያቱም አንተ እንዲታወቅብህ አልፈለግህም።»

የተጣመመውን ቸርኬ በጫማዬ እየረገጥኩ ማቃናት ጀመርኩ። ከሚገባው በላይ ረገጥኩት።

ከማሳው አንድ ገበሬ መጡ፤ ጤፍ እያሳጨዱ ነበር። ስማቸው አቶ ለማ ነው። ምን ሆናችሁ፣ ከየት ናችሁ የሚል ጥያቄ የለም። ቶሎሳን በብብቱ ይዘው ቤታቸው አስገቡት፣ በጨው ውሃ ቁስሉን አጠቡለት፣ ባለቤታቸው እርጎ በትልቅ ቅል አቀረቡ። እኛ ሰፈር ሰው ሲወድቅ መጀመሪያ ስልክ ወጥቶ ፎቶ ይነሣል። «ዛሬ መሄድ የለም» አሉ አቶ ለማ። ተቃወምኩ። «እንግዳ አይከራከርም» አሉኝ። አደርን። ማሩን፣ ዶሮውን ሳይቀር አወጡልን። እኔ ግን ተቆጥቼ ስለነበር ደህና አድርጌ አላመሰገንኳቸውም። እዚህ ላይ አመሰግናለሁ።

እሑድ ጠዋት «እንመለስ» አልኩት። «ተመለስ» አለኝ፣ ጫማውን እያሰረ። «እኔ ድንጋዮቹ ጋ ነኝ።» ከእኔ የባሰ ግትር አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው፣ እሱም እሱ ነው። ስለዚህ በሌላ መንገድ ሄድን። እጄን ትቼ በአፌ ሆነ። «ጉድጓድ፣ ወደ ግራ!» «ጠጠር!» «አህያ!» «ቁልቁለት፣ ያዝ!» እያልኩ። እሱ ደግሞ ከኋላ መኪና ሲመጣ በግራ ጆሮዬ በኩል ይጮኻል፦ «ከባድ መኪና! ዳር ያዝ!» መንገደኛው ሁለት ሽማግሌ የተጣሉ መስሎት ሊያስታርቀን ይቆማል። አንዱ እንዲያውም «ኧረ በሰንበት ተዉ፣ አባቶቼ» ብሎናል። መታረቅ አያስፈልገንም፣ ሂድ አልኩት። ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ጮህኩ። ሽመና ክፍል ውስጥ ሠላሳ ዓመት ያልጮህኩትን በአንድ ቀን ጨረስኩት።

ጢያ ከሰዓት በኋላ ደረስን። ድንጋዮቹ በአጥር ውስጥ በተርታ ቆመዋል፤ ከሰው የሚረዝሙ አሉ፣ ያዘነበሉም አሉ። ሰይፍ አለባቸው፣ ክብ ነገር አለ፣ ቅጠል የሚመስል ነገር አለ። ማን እንዳቆማቸው በእርግጥ የሚያውቅ የለም፤ የሙታን መቃብር ነው ይላሉ። እኔ ሁሉንም በአንዴ አየሁ። ማየት ምንም አይደለም፣ ዓይን ያለው ያያል። ቶሎሳ ከአንዱ ፊት ቆመ። ፀሐይዋ ከድንጋዩ በስተጀርባ ናት። አንገቱን ወደ ግራ አለ፣ ወደ ቀኝ አለ፣ ባርኔጣውን ዝቅ አደረገ። ረጅም ጊዜ ቆመ።

«ጥላ ነው የሚታየኝ» አለ በመጨረሻ። «የቆመ ጥላ። ሰይፍ የታለ?»

«እዚህ ነው፣ ፊትህ። ሰይፎች ናቸው።»

«የለም።»

እጁን ዘረጋ። ጠባቂው ከኋላ «አባቴ፣ አይነካም!» አሉ። እኔ የምፈልገው ይህንን ነበር፤ ሁለት ቀን ሙሉ የሚጣላኝ ሰው ስፈልግ ነበር። «ይኼ ሰው እዚህ ለመምጣት ዕድሜውን የጠበቀ ነው!» አልኳቸው። «ማን ይበላዋል ድንጋዩን? ሺህ ዓመት ዝናብ ሲነካው ኖሮ የሱ ጣት ነው የሚጨርሰው?» ብዙ ተናገርኩ፤ ሁሉንም አልጽፈውም። ጠባቂው ጎልማሳ ሰው ናቸው፣ አልተቆጡም። «አንድ ሰው ሲነካው ምንም አይሆንም፤ ሁሉም ሲነካው ግን ለሚመጣው ሰው አይቀርም» አሉኝ። ከዚያ ወደ ቶሎሳ ዞሩና «ዓይንዎ ነው?» አሉት። «ነው» አላቸው።

እጁን ይዘው ከአጥሩ ውጭ አወጡት። መሬቱ ለስላሳ አፈር ነው። በዱላቸው ጫፍ መቆፈር ጀመሩ። ቀና ብለው ድንጋዩን ያያሉ፣ ጎንበስ ብለው ይቆፍራሉ። መጀመሪያ አንድ ሰይፍ፣ ስለቱ ወደ ታች። ቀጥሎ ከጎኑ ሁለተኛ። ከሥሩ ክቡን፣ ቅጠሉን። ልኩን በክንዳቸው እየለኩ፣ ጣት እንዲገባበት አድርገው ጥልቅ አደረጉት። ግንባራቸው ላበው። ሲጨርሱ «ይኸው እንግዲህ» አሉ።

ቶሎሳ የቆሰለ ጉልበቱ ላይ ተንበረከከ። ጣቱን ከመያዣው ጀምሮ እስከ ጫፉ ወሰደው። መለሰው። ክር የሚፈትሽበት ጣት ነው፤ ጨርቅ ላይ ያለች ጉድለት በዚያ ጣት ነበር የሚያገኛት። «መያዣው ላይ መስቀለኛ ነገር አለው» አለ። ድንጋዩን አየሁት፤ እውነቱን ነው፣ እኔ አላስተዋልኩትም ነበር። «ሁለተኛው ከመጀመሪያው ያጥራል።» ያጥራል። ቁጭ ብሎ አንዱንም ሳያስቀር ጨረሰው። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ብስክሌቴን መፈተሽ ጀመርኩ። ምንም ብልሽት አልነበረባትም።

ጠባቂው ቤታቸው ወስደው አሳደሩን። ቆጮ በጎመንና በአይብ አበሉን። ከእንጀራ አይበልጥም፣ ግን ሆድ ይይዛል። «ስለ ቅድሙ ይቅርታ» አልኳቸው። «ለጓደኛ ነው የተቆጡት» አሉኝ። ለራሴም ነበር፤ አልነገርኳቸውም።

ሰኞ ጎመንና ቃሪያ የጫነ አይሱዙ ሹፌር ከነብስክሌታችን እስከ ዓለም ገና አደረሰን። እስከ ቃሊቲ ላድርሳችሁ ቢል ቶሎሳ «ቤቴ በብስክሌት ነው የምገባው» ብሎ ወረደ። ወረድኩ። እየጮህኩ ቃሊቲን አለፍን። ከባድ መኪና የሚበዛበት ጋ ወርደን ገፋን። ያ የባጃጅ ሹፌር አደባባዩ ጋ አየንና «ፋዘር፣ ስንተኛ ወጡ?» አለ። «ሁለታችንም አንደኛ!» አለው ቶሎሳ።

ጫልቱ በሩን ከፈተች። ጉልበቱን አየች፣ ክርኑን አየች። ከዚያ በቶሎሳ ትከሻ ላይ አሻግራ መዳፏን ወደ እኔ ገለበጠች፦ ምን ሆነ? አየው ወይ? ማለቷ ነው። እኔም ሳላስብ፣ ከልምድ፣ ጣቴን አጠፍኩ፦ ክር ተበጠሰ።

ቶሎሳ መሃላችን ቆሟል። ዝምታው ሲበዛበት ፊቱን አንዴ ወደ እሷ፣ አንዴ ወደ እኔ ያዞራል። ልክ እንደ ፎርማኑ። ከዚያ ሰውዬ የተደበቅንበትን ቋንቋ፣ በገዛ ጓደኛችን ላይ፣ በገዛ በሩ ላይ አደረግነው። እንደዚያ ቀን በራሴ ተናድጄ አላውቅም።

እጄን ኪሴ ከተትኩ።

«ጫልቱ» አልኩ ጮክ ብዬ፣ ጎረቤት እስኪሰማ። «ድንጋዩን አላየውም። ጥላ ብቻ ነው የታየው። ሰይፎቹን ግን በጣቱ አይቷቸዋል፣ እኔ ያላየሁትንም አይቷል። አንቺ ደግሞ ዓይኑን አልነገርሽኝም። እኔም አንድ ያልነገርኳችሁ አለ፤ ቀኝ ጆሮዬ አይሰማም።»

ጫልቱ መናገር ጀመረች። ስድብ ይሁን ምርቃት አልለየሁትም። ስለዚህ ራሴን አዙሬ ግራ ጆሮዬን ሰጠኋት።